ሳይጠይቁ የሰጡት ስጦታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተሰቦች፣ በሳልሚያም በሐወሊም፣ በፈርዋኒያም በጅሊብም፣ በፈሐሂልም በጀህራም ያላችሁ፤ ዓርብ ወጥታችሁ የምታስቀድሱም፣ መውጣት ተከልክላችሁ ይህን ጽሑፍ ማታ ሥራ ሲያልቅ የምታነብቡም፤ የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

ለዛሬው ትምህርት የሚነበቡት የሐዋርያት ሥራ 8፥26-40፣ ሉቃስ 18፥35-43 እና ፊልጵስዩስ 4፥10-20 ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ በእጃችሁ ካለ አስቀድማችሁ አንብቡት።

ዛሬ የምንነግራችሁ የራሳችንን ጥፋት ነው። የታሪኩ ባለቤት ወንድማችን «ለሌላው ትምህርት ከሆነ ንገሩት፤ ስሜን ብቻ ተዉት» ብሎ ፈቅዶልናል።

✝️ ስጦታው

ወንድማችን የቤት ሹፌር ነው። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ቀጥሎ ማዳምን ሥራ ቦታዋ ያደርሳል፤ ቀትር ላይ ልጆቹን ይመልሳል። ማታ ደግሞ ቤተሰቡን ወደ ገበያ አዳራሽ ወይም ወደ ዘመድ ቤት ይወስድና እስኪወጡ ድረስ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንዳንድ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ይጠብቃል። የዚህ አገር የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68/2015 የተባለው፣ ለቤት ሹፌርም ጭምር ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ይሰጣል። እርሱ ግን ብዙ ጊዜ ዓርብ የሚፈቀድለት በወር አንድ ቀን ነው።

ያቺ አንድ ዓርብ ስትደርስ ከሁላችን ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ምንጣፍ ያነጥፋል፤ የጠበል ጻዲቁን ዕቃ ይሸከማል፤ አዲስ የመጣች እኅት መንገድ ስትስት በስልክ እየመራ ያመጣታል። እንዲህ ሲያገለግል 10 ዓመት ሞላው። እኛም «ይህ ሰው ሁልጊዜ ለእኛ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ለእርሱ አንድ ነገር እናድርግለት» ተባባልን።

ምን እንስጠው? ከመካከላችን አንዱ በወንድማችን ስልክ ላይ የፎርሙላ ዋን ውድድር ደጋግሞ ማየቱን ነገረን። «ይህ ሰው የውድድር መኪና ነፍሱ ነው!» አልን። 35 ሰዎች ሆነን ሁለት ሁለት ዲናር አዋጣን፤ 70 ዲናር ሞላ። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 ለቤት ሠራተኛ የተወሰነው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 60 ዲናር መሆኑን የምታውቁ፣ ይህ ገንዘብ ስንት ላብ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሁለቱን ዲናር ለመስጠት የዚያን ሳምንት የስልክ ካርዷን ያልሞላች እኅት ነበረች።

በዚያ ገንዘብ የውድድር መኪና መንዳት የሚያስሞክር አንድ ድርጅት ዘንድ ቲኬት ገዛን። በማስታወቂያው ላይ ያለው ቀይ መኪና ያምራል። በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ግን ማንም አላነበበም። ቲኬቱን በፖስታ አድርገን ከቅዳሴ በኋላ ሰጠነው። እልል ተባለ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣን። ወንድማችን ከፍቶ አየው፤ ዝም አለ፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። ዝምታውን ደስታ ነው ብለን ተረጎምነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅነው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።

ድርጅቱ ክፍት ቦታ ያለው ዓርብ ጠዋት ብቻ ነበር። ስለዚህ ወንድማችን በወር የምትፈቀድለትን አንዲት ዓርብ ለእኛ ስጦታ ሰጠ፤ ቅዳሴውም አለፈው። ሜዳው ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ለታክሲ ደርሶ መልስ 12 ዲናር ከኪሱ ከፈለ። በ1 ሰዓት ድረስ ተብሎ ደረሰ። ስለ ደኅንነት የሚሰጠውን ገለጻ ሰማ፤ ከዚያ ፀሐዩ እየበረታ እስከ ቀትር ወረፋ ጠበቀ። ተራው ሲደርስ ቀዩ መኪና ተበላሽቷል ተባለና ሌላ አነስ ያለ መኪና ቀረበለት። ሄልሜት አጠለቁለት። ከጎኑ አሠልጣኝ ተቀመጠ፤ በአሠልጣኙ በኩል ሌላ ፍሬን አለ። ሦስት ዙር ተፈቀደለት። የመጀመሪያው ዙር መንገዱን ለማወቅ ቀስ ተብሎ ነው፤ የመጨረሻውም መኪናው እንዲቀዘቅዝ ቀስ ተብሎ ነው። መካከለኛው ላይ እግሩን ጫን ሲያደርግ አሠልጣኙ ፍሬን ያዘበት። 10 ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። ፎቶውን ለመውሰድ ሌላ ክፍያ አለው ሲሉት ትቶት ወጣ።

ማታ በቡድናችን «እንዴት ነበር?» ብለን ጻፍንለት። በድምፅ መልእክት «በጣም ደስ ይላል፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አለን። እኛም በደስታ የልብ ምልክት ደረደርን።

✝️ እውነቱ ሲወጣ

ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ጠበል ጻዲቅ ላይ አንዲት ታናሽ እኅታችን «ጋሼ፣ ለባለቤቴም ልደት እርሱኑ ልገዛለት ነው፤ ምን ትለኛለህ?» ስትለው መዋሸት አልቻለም። «አይ እኅቴ፣ ገንዘብሽን ተይው» አለና የሆነውን ሁሉ ነገራት። ቀጥሎ የተናገረው ግን ስለ ድርጅቱ አልነበረም፦

«እኔ እኮ ስድስቱንም ሰባቱንም ቀን መሪ እንደያዝሁ ነው የምኖረው። ውድድሩን በስልክ የማየው ወድጄው አይደለም፤ ማታ ስጠብቅ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ነው፤ ድምፁ ያነቃኛል። ሰው ሁሉ ከኋላዬ ነው የሚቀመጠው፤ ከኋላ ሆኖ ከስልኩ ጋር ያወራል። በ10 ዓመት ውስጥ ከጎኔ ሰው የተቀመጠው ያን ቀን ነው፤ እርሱም እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ።»

ወሬው ወደ እኛ ደረሰ። አስቀድመን በድርጅቱ ተናደድን፤ የከፈልነውን ገንዘብ ለማስመለስ ደወልን፤ ያ ያላነበብነው ደቃቅ ጽሑፍ ገንዘብ አይመለስም ይል ነበር። ቀጥሎም፣ ይህን በኀፍረት እንናገራለን፣ በወንድማችን ላይ አጉረመረምን። «ከተከፋ ያኔውኑ ለምን አልነገረንም?» ያልን አለን። «35 ሰው አዋጥቶለት!» ያልን አለን። አንዱ እንዲያውም «ውለታ ቢስ» የሚለውን ቃል ጻፈ፤ በኋላ አጠፋው፤ ብዙዎቻችን ግን አንብበነው ነበር፤ ዝም ማለታችንም መስማማት ነበር።

እዚህ ላይ ነው ራሳችንን ያየነው። የተቆጨነው ወንድማችን ስላዘነ ነው ወይስ ስጦታችን ስለተዋረደ? እልል ያልነው ለእርሱ ነው ወይስ ለራሳችን? ከ35 ሰዎች አንድም ሰው «ወንድማችን፣ ምን ይጎድልሃል?» ብሎ አልጠየቀውም። ሹፌርን ለማስደሰት ሌላ መሪ ሰጠነው። ቅዳሴ የተጠማን ሰው ከቅዳሴ አስቀረነው።

✝️ የመኪና ሜዳ ኃጢአት ነው?

ይህን የጠየቁን አሉና በአጭሩ እንመልስ። መኪናው ኃጢአት የለበትም፤ ማየትም መንዳትም በልኩ ከሆነ መዝናኛ ነው። ነገር ግን ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በቁስጥንጥንያ ምን እንዳሳዘነው እናስታውስ። ሕዝቡ ከባድ ዝናብ እህሉን እንዳያጠፋበት ፈርቶ ምሕላ አድርሶ ነበር። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ግን፣ ጌታ በተሰቀለበት በዕለተ ዓርብ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ባዶ ትቶ የፈረስ ሠረገላ እሽቅድምድም ሊያይ ወጣ። ሊቁን ያቃጠለው ሠረገላው አልነበረም፤ ባዶ የቀረው መቅደስ ነበር። የቁስጥንጥንያ ሰዎች ግን በገዛ እግራቸው ነው የሄዱት፤ እኛ ወንድማችንን አዋጥተን፣ እልል ብለን አስወጣነው።

✝️ ጌታችን ይጠይቃል

ከኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይለምን የነበረውን ዐይነ ስውር አስቡት። ሰው ሁሉ ዝም በል እያለ ሲገሥጸው እርሱ ይበልጥ ጮኸ። ጌታችን ቆመ፤ አስጠራው። ከዚያ ያደረገው ነገር ያስደንቃል፦ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው። ዐይኑ እንደማያይ ሁሉም ያውቃል። ልብና ኵላሊትን የሚመረምር አምላክ ይህን ለማወቅ ጥያቄ አያስፈልገውም። ታዲያ ለምን ጠየቀ?

ለማኝ ሰው ሲሰጠው ይኖራል እንጂ ሲጠየቅ አይኖርም። መንገደኛው ሳንቲም ይጥልለታል፤ ያልፋል። ምን እንደሚያምረው፣ ምን እንደሚፈልግ የሚጠይቀው የለም። ጌታችን ግን ብርሃኑን ከመመለሱ በፊት ቃሉን መለሰለት። በመጠየቁ «አንተ ሰው ነህ፤ የምትለው አለህ፤ እኔም እሰማሃለሁ» ያለው ያህል ነው። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ 38 ዓመት የተኛውንም እንዲሁ መዳን ይፈልግ እንደሆነ አስቀድሞ ጠየቀው (ዮሐንስ 5)። ሁሉን የሚያውቀው ከጠየቀ፣ ምንም የማናውቀው እኛ በስልክ ስክሪን አይተን ስለ ሰው ልብ እንዴት እንወስናለን?

✝️ ሠረገላው ላይ መውጣት

አሁን ወደ ሐዋርያት ሥራ እንሂድ። ይህ ታሪክ የእኛ ነው። ጃንደረባው የአገራችን ሰው ነው፤ የንግሥት ሕንደኬ ሹም፤ ሊሰግድ ሩቅ አገር ሄዶ በበረሃ መንገድ የሚመለስ ተጓዥ። ሠረገላ አለው፤ ገንዘብ አለው፤ መጽሐፍ አለው። የጎደለው ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ የነበረው ቅዱስ ፊልጶስ ያደረገውን በቅደም ተከተል ተመልከቱ። መጀመሪያ ወደ ሠረገላው ሮጠ፤ ቀረበ። ሁለተኛ ሰማ፤ ጃንደረባው ኢሳይያስን ሲያነብ አደመጠ። ሦስተኛ ጠየቀ፤ የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ። አራተኛ፣ ጃንደረባው ራሱ ለምኖት ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ። ሳይጋበዝ ዘልሎ አልወጣም። ልጓሙንም አልነጠቀም። ከተቀመጠም በኋላ ትምህርቱን የጀመረው ጃንደረባው ያነብ ከነበረው ቦታ ነው እንጂ እርሱ ከመረጠው አይደለም።

የስጦታው ፍጻሜም ይታይ። ጃንደረባው ተጠመቀ፤ ከውኃው ሲወጡ የጌታ መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው። ምስጋና አልተቀበለም፤ ፎቶ አልተነሣም። በአዛጦን ተገኘ፤ ወንጌሉን እየሰበከ ሄደ። ጃንደረባውም ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። እንግዲህ እውነተኛ ስጦታ ሰጪው ከአጠገቡ በሌለበት ጊዜ ተቀባዩን ደስ እንዳለው የሚያስቀጥል ነው። የእኛ ስጦታ ግን ወንድማችንን ለእኛ ሲል ደስ ያለው እንዲመስል አስገደደው።

✝️ ለተቀባዩም ቃል አለ

ስጦታ አሳዝኗችሁ የምታውቁ ሁሉ ይህን ስሙ። ሐዋርያው ጳውሎስ በእስር ሳለ የፊልጵስዩስ ምእመናን በአፍሮዲጡ እጅ ስጦታ ላኩለት። መልእክተኛው በዚሁ አገልግሎት ታምሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። ሐዋርያው ሲመልስላቸው ሁለት ነገር አብሮ ይናገራል፦ በማግኘትም በማጣትም መኖርን ተምሬአለሁ ይላል፤ ነገር ግን በመከራዬ መካፈላችሁ መልካም ነው ብሎ ያመሰግናል። ከዕቃው ይልቅ ለእነርሱ የሚቆጠርላቸውን ፍሬ እንደሚፈልግም ይነግራቸዋል። ዓይኑ ከዕቃው አልፎ ሰጪዎቹ ላይ ነው።

ወንድማችን አምስት ሳምንት ዝም ያለው ለእኛ ሲል ነው፤ የስልክ ካርዷን ያልሞላችውን እኅት እያሰበ። ይህ ፍቅር ነው። ሌላዋ እኅት ገንዘቧን በከንቱ ልታወጣ ስትል ደግሞ እውነቱን ተናገረ። ይህም ፍቅር ነው። የሁለቱንም ጊዜ አወቀ። እናንተም ስጦታ ሲያሳዝናችሁ ሰጪውን አታዋርዱ፤ ነገር ግን ለዘለዓለምም አትደብቁ። ቀን ጠብቃችሁ፣ ቃል መርጣችሁ ተናገሩ።

✝️ ወደ አገር ቤት የምንልከው

ወገኖቻችን፣ ይህ የ70 ዲናር ታሪክ ብቻ አይደለም። የስደተኛ ሕይወቱ ስጦታ መላክ ነው። ስለሌለን ፋንታ ዕቃ እንልካለን። ለልጃችን ጫማ እንልካለን፤ «ጠበበኝ» ይላል፤ ምክንያቱም በዓይናችን ያለው ትተነው የመጣነው የአራት ዓመት ሕፃን ነው፤ እርሱ ግን አድጓል፤ የእግሩን ቁጥር አልጠየቅንም። ለእናታችን ትልቅ ቴሌቪዥን እንልካለን፤ እርሷ የጓጓችው ድምፃችንን ለመስማት ነው። ከዚያ የጠበቅነው ምስጋና ሲቀርብን «ለእነርሱ ስለፋ!» ብለን እንቆስላለን። በጥያቄ ሊድን ይችል የነበረ ቁስል ነው።

የአገር ቤት ቤተሰቦቻችሁም ሳይጠይቁ ይሰጣሉ፤ ሳይጠይቁም ይወስናሉ። በላካችሁት ገንዘብ ያልመከራችሁበት ቤት ይጀመራል፤ ያልፈለጋችሁት ነገር ይገዛል። በቁጣ ከመመለሳችሁ በፊት እስኪ አንድ ጊዜ እናንተም ጠይቁ፤ «ምን አስባችሁ ነው?» በሉ። አንዳንዱ ክፋት ነው፤ ብዙው ግን እንደ እኛ ቀይ መኪና የፍቅር ስሕተት ነው።

ለእግዚአብሔር የምናቀርበውም እንዲሁ ነው። ጧፍ፣ ጥላ፣ ምንጣፍ እንሳላለን፤ መልካም ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ትቀበላለች። ነገር ግን እርሱ የሚወደውን በነቢዩ ሆሴዕ (6፥6) እና በነቢዩ ሚክያስ (6፥8) አስቀድሞ ነግሮናል፦ ምሕረትን፣ ፍትሕን፣ በትሕትና ከእርሱ ጋር መሄድን። አብራው ከምትሠራ እኅቷ ጋር ተኳርፋ ጥላ የምትሳል ነፍስ፣ ለሹፌሩ መሪ ከሰጠነው ከእኛ ጋር አንድ ናት።

✝️ በመጨረሻ ጠየቅነው

በሚቀጥለው የወንድማችን ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ከብበነው ተቀመጥን። ይቅርታ ጠየቅነው። «ውለታ ቢስ» ብሎ የጻፈውም ተነሥቶ እግሩ ላይ ወደቀ፤ አነሣው። ከዚያም ከ10 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ «ምን እናድርግልህ?» አልነው።

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ማታ ማታ ስጠብቅ ደውሉልኝ፤ የዕለቱን ስንክሳር አንብቡልኝ» አለን።

ይኸው ነበር። ዲናር አይጠይቅም። ተራ አወጣን፤ መኪናው ቆሞ ሲጠብቅ ብቻ መልእክት ይልክልናል፤ ሲነዳ አንደውልም። ባለተራው ደውሎ የዕለቱን ቅዱስ ገድል ያነብለታል፤ 15 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሳምንት ሳይሞላ በሰው ቤት ሆነው መውጣት የማይችሉ እኅቶች «እኛም እንስማ» አሉ። አሁን 11 ሆነው ይሰማሉ፤ አንዷ ከወጥ ቤት፣ አንዷ ልብስ እየተኰሰች፣ ወንድማችን ከቆመው መኪናው ውስጥ። የውድድሩን ድምፅ ትቶታል።

በሠረገላ የሚነበብ መጽሐፍ፣ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው። በጋዛ መንገድ የሆነው በኩዌት የመኪና ማቆሚያም ይሆናል። የጠፋው 70 ዲናር አልተመለሰም፤ ወንድማችንን ግን አገኘን።

ለዚህ ሳምንት የምንሰጣችሁ ሥራ አንድ ነው። ከምታስቡላቸው ሰዎች አንዱን ምረጡ፤ እናትም ትሁን ልጅ፣ የክፍል ጓደኛም ይሁን የተጣላችሁት ሰው። ምንም ሳትሰጡት አስቀድማችሁ ጠይቁት። መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙ። መልሱ ከአቅማችሁ በላይ ቢሆን እንኳ አትፍሩ፤ የተጠየቀ ሰው ግማሽ ስጦታውን ተቀብሏል። ስንክሳሩን አብራችሁ መስማት የምትፈልጉም በዚሁ ቻናል ጻፉልን።

በኢያሪኮ መንገድ ዳር የቆመ፣ የለማኙን ቃል የሰማ አምላክ የእናንተንም ድምፅ ይስማ። በሰው አገር የምትደክሙበትን እጅ ይባርክ። ከጎናችሁ የሚቀመጥ ሰው አያሳጣችሁ፤ እናንተንም ከሰው ጎን የምትቀመጡ ያድርጋችሁ። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱስ ፊልጶስ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።